ዘጠና በመቶው የት ነበር?

በዓል በመጣ ቁጥር የምንሰማው ዜና አንድ ነው። ሚኒስትሩም፣ ባንኩም፣ ታዋቂው አርቲስትም «ማዕድ አጋሩ»። ዘይት፣ ዱቄት፣ ዶሮና እንቁላል ሲታደል ካሜራ ይቀርጻል፤ ተቀባዮቹ ይመርቃሉ፤ ተመልካቹም ልቡ ይራራል። በዚህ ደስታ ላይ ነገር የለኝም። በበዓል ቀን ጎረቤቱን ረስቶ ብቻውን የሚበላ ሰው ከወጋችን ውጭ ነው። የሚያስቆጣኝ ከዚህ ሥዕል ጀርባ ተደላድሎ የተቀመጠው እምነት ነው። በጎ አድራጎት ማለት ማብላት፣ ማልበስና ማስጠለል ነው፤ ሰው ለምን ተራበ፣ ለምንስ ከቤቱ ወጣ ብሎ ጠይቆ ያንን ምክንያት መታገል ግን የመንግሥት ሥራ ነው፤ መንግሥት ካልሠራውም የፈረንጅ ገንዘብ የሚያገኝ ኤንጂኦ ይሥራው፤ የእኛ ኪስ ጉዳይ አይደለም ይላል። ይህን እምነት ሀብታሙም ደመወዝተኛውም፣ የተማረውም ያልተማረውም፣ አዲስ አበባ ያለውም ዋሽንግተን ያለውም ይጋራዋል። እኔ ይህ እምነት ሰው ይጎዳል እላለሁ፤ ማን እንደተጎዳበትም በአንድ ማኅበር ታሪክ ማሳየት ይቻላል።

ማኅበሩ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነው። በ1987 ዓ.ም. መዓዛ አሸናፊን ጨምሮ ጥቂት ሴት የሕግ ባለሙያዎች አቋቋሙት። ለጠበቃ የምትከፍለው የሌላትን ሴት በነፃ ያማክራል፣ አቤቱታዋን ይጽፋል፣ ችሎት ፊት አብሯት ይቆማል። ከዚያም አልፎ፣ እሷን የጣለው ሕግ ነገ ሌላዋን እንዳይጥል ሕጉ ራሱ እንዲለወጥ ይሟገታል። በስሙ የታደለ ዱቄት የለም፤ ስለዚህም ይመስለኛል «ማዕድ አጋሩ» ከሚለው ዜና ጎን ስሙ ተነሥቶ የማያውቀው።

ያኔ ይሠራበት የነበረውን ሕግ ብዙዎቻችን ረስተነዋል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰቡ አለቃ ባል ነበር። የጋራ ንብረቱን የሚያስተዳድረው እሱ ነው። ሚስቱ ከቤት ወጥታ እንዳትሠራ መከልከል ይችል ነበር። ወንድ ለጋብቻ 18 ዓመት መሙላት ሲጠበቅበት ለሴት ልጅ 15 በቂ ነው ተብሎ ተጽፏል። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደግሞ ልጅ የጠለፈ ሰው የጠለፋትን በጋብቻ ካሰረ ክሱ ይቀርለት ነበር።

እነዚህን አንቀጾች አንድ ላይ አድርጎ ያነበበ ሰው ድህነት እንዴት እንደሚበጅ ያያል። አሥራ አምስት ዓመት ያልዘለላት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትጠለፋለች። ሽማግሌ ይላካል፣ ጋብቻው ይጸድቃል፣ ክሱ ይቀራል። ትምህርቷ በዚያው ያበቃል። አካሏ ሳይጠና ትወልዳለች። ባሏ ምን እንደሸጠ፣ ምን እንደተበደረ የመጠየቅ አቅም የላትም። ትዳሩ ሲፈርስ አንዱን ልጅ አዝላ ሌላውን አስከትላ ከተማ ትገባለች። ሰው ቤት ትቀጠራለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ ጉልት ትቸረችራለች። ጉልበቷ ሲከዳት ደጀ ሰላም ትቀመጣለች። እኛ የምናገኛት እዚህ ላይ ነው። አሥር ብር ሰጥተን፣ ምርቃቷን ተቀብለን እናልፋለን። ያች አሥር ብር የዕለት ዳቦዋ ናትና አትናቅ። ነገር ግን ከተጠለፈችበት ቀን አንሥቶ እስከ ደጀ ሰላሙ ድረስ ባለው ረጅም መንገድ ላይ ውድቀቷን ማስቆም የሚቻልባቸው ብዙ ቦታዎች ነበሩ። እዚያ ቦታ ላይ የሚያስፈልጋት ጠበቃ ነበር፤ አዋላጅ ነበረች፤ «ይህ ነውር ነው» ብሎ በመንደሩ ፊት የሚነሣ ሰው ነበር። እነሱን እዚያ ለማቆም ማናችንም አልከፈልንም።

ማኅበሩ ከሌሎች ጋር ሆኖ የታገለለት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ወጣ። የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ሆነ፤ የጋራ ንብረት አስተዳደርም የሁለቱም ሆነ፤ ባል ሚስቱን ከሥራ የሚከለክልበት ሥልጣን ቀረ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ደግሞ ጠላፊው ጠለፋውን በጋብቻ ማጠቡን አስቀረ። ከዚያ በፊት ጠላፊዋን ገድላ የተከሰሰች የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ማኅበሩ ቆሞላት ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ተብሎ በነፃ ተሰናበተች። «ድፍረት» የተሰኘው ፊልም የተሠራው በዚሁ ታሪክ ላይ ነው። ፊልሙን ያየን ብዙ ነን፤ ያን ጊዜ የጠበቃዋን የታክሲ የከፈለው ማን እንደነበር የጠየቅን ግን ጥቂት ነን።

«ሕግ ወረቀት ነው፤ ወረቀት ድሃ አያበላም» የሚል አለ። አዲሱ የቤተሰብ ሕግ በመላ አገሪቱ በአንድ ቀን አልተተገበረም፤ መጀመሪያ አዲስ አበባና ድሬዳዋ፣ ቀጥሎም የየራሳቸውን ሕግ ያወጡ ክልሎች ተቀበሉት። ሁለት የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ቀድመው የተቀበሉትን አካባቢዎች ከዘገዩት ጋር አነጻጸሩ። ሕጉ ቀድሞ በደረሰበት ሴቶች ከቤት ውጭ፣ የሙሉ ጊዜ በሆነና ሙያ በሚጠይቅ ሥራ ላይ የመሰማራት ዕድላቸው ከሌሎቹ ይበልጥ ጨምሮ አገኙት። ወረቀቱ አብልቷል እንግዲህ። ያበላውም ለአንድ በዓል ብቻ አልነበረም።

አሁን ወደሚያመው ነገር እንምጣ። በ2001 ዓ.ም. የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ወጣ። አዋጁ እንዲህ ደነገገ፦ በሰብዓዊና ዴሞክራሲያዊ መብት፣ በፆታ እኩልነት፣ በሕፃናትና በአካል ጉዳተኞች መብት፣ በግጭት አፈታት፣ በፍትሕ ሥርዓት ላይ መሥራት የሚችለው ከገቢው ከ10 በመቶ ያልበለጠውን ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት ብቻ ነው። 90 በመቶው ከአገር ውስጥ መምጣት አለበት። ይህን የማይችል ስንዴ ያድል፣ ጉድጓድ ይቆፍር፤ ሰው ለምን እንደተጠማ ግን አይጠይቅ። ሕጉ የድህነትን ምልክት ማከም ፈቅዶ ምክንያቱን መንካት ከለከለ ማለት ነው። የሴት ሕግ ባለሙያዎቹ ማኅበር የባንክ ሒሳቡ ታገደ፤ አብዛኞቹን ሠራተኞቹን አሰናበተ፤ በደጁ ይሰለፉ የነበሩ ሴቶችን ማስተናገድ አቃተው። ብዙ ሌሎች ድርጅቶች ከመተዳደሪያ ደንባቸው «መብት» የሚለውን እየሰረዙ «ልማት» ብለው ተመዘገቡ።

ስለዚህ አዋጅ የተጻፈው ትችት ብዙ ነው፤ የተሰነዘረበት ወቀሳም ይገባዋል። እኔ እስከዛሬ ሲነገር ያልሰማሁት አንድ ነገር ግን አለ። አዋጁ ሁሉንም በር አልዘጋም ነበር። አንድ በር ክፍት ትቷል፤ የበሩ ስም እኛ እንባላለን። ዘጠና በመቶውን ኢትዮጵያውያን ቢከፍሉት ማኅበሩ ሥራውን መቀጠል ይችል ነበር። ሕግ አውጪው ያንን በር ሲተው ማንም እንደማይገባበት በሚገባ ያውቅ ነበር፤ የአዋጁ ጭካኔም ያለው እዚያ ላይ ነው። ስለ እኛ የገመተውን ገመተ፤ ልክም ሆነ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ይህ ነው፦ ማኅበራቱ ጨርሰው እንዳይጠፉ የአውሮፓ ኅብረት የሲቪል ማኅበረሰብ ፈንድ በስምምነት «የአገር ውስጥ ገንዘብ» ሆኖ እንዲቆጠር ተደረገ። የኢትዮጵያውያን ድርሻ የተባለው ገንዘብ ከብራስልስ መጣ!

ፍርሃት እንደነበረ አልክድም። መብት ለሚል ማኅበር ገንዘብ ሲሰጥ መታየት ለነጋዴው የግብር፣ ለመንግሥት ሠራተኛው የሥራ ጣጣ ሊያመጣ ይችል ነበር። ውጭ አገር የሚኖሩትም ቢሆኑ በአዋጁ ትርጉም ከውጭ አገር የሚላክ ገንዘብ ሁሉ የውጭ ገንዘብ ነበርና መንገዱ ጠቦባቸዋል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ከአዋጁ በፊት በነበሩት ዓመታትስ? ያኔ የከለከለን አልነበረም። ማኅበሩ በውጭ እርዳታ ሲቆም እኛ አዳራሽ ገብተን አጨበጨብን እንጂ ለወር የሚሆን መዋጮ አላወጣንም። አዋጁ ያገኘው ባዶ ሣጥን ነበር። ባዶ ያደረገውም በመግቢያዬ ያነሣሁት እምነት ነው።

በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1113 ወጥቶ የ10 በመቶው ገደብ ተነሣ። ደስ አለን። የውጭ ገንዘብ ተመለሰ፤ እኛም ወደ ቀደመው ቦታችን ተመለስን። ከዚያ ጥር 2017 ላይ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን አገደ። በዚያ ገንዘብ ይንቀሳቀሱ የነበሩ ፕሮጀክቶች በሳምንታት ውስጥ ቆሙ፤ ሠራተኞች ተሰናበቱ፤ ቢሮዎች ተዘጉ። ሥራው ሁለት ጊዜ ቆመ፦ በ2001 አዲስ አበባ ላይ በወጣ ሕግ፣ በ2017 ዋሽንግተን ላይ በተፈረመ ትእዛዝ። ሁለቱ መንግሥታት የሚያመሳስላቸው ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ የጉዳቱ መንገድ ግን አንድ ነው። የሌላ ሰው ገንዘብ የያዘው ሥራ በሌላ ሰው ውሳኔ ይቆማል። የዕለት እርዳታ ቢቋረጥ ሌላ ለጋሽ ይፈለጋል፤ ስንዴ ከየትም ይምጣ ስንዴ ነው። ጠለፋን፣ ያለዕድሜ ጋብቻን፣ የውርስና የንብረት ክፍፍል በደልን የሚታገል ሥራ ግን በየመንደሩ ባለው አቅም ያለው ሰው ላይ ይነሣል። ጠላት ያፈራል። ጠላቱ ሊያስቆመው የሚችልበት የመጀመሪያው ቦታ የገንዘቡ ምንጭ ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ በአገር ሰው መዋጮ መቆም ያለበት ይህ ዓይነቱ ሥራ ነበር፤ እኛ ግን ከሁሉ አብልጠን ለባዕድ የተውነው እሱን ነው።

«ድሃ ነን፤ ከየት እናምጣ?» የሚለው መልስ በሕዳሴው ግድብ ፊት አይቆምም። ከመጋቢት 2003 ጀምሮ ጥበቃውም፣ መምህሩም፣ ሊስትሮውም ቦንድ ገዛ፤ ደመወዙን ሰጠ፤ በ8100 መልእክት ላከ፤ ግድቡም ጳጉሜን 2017 ላይ ተመረቀ። የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከልን ሕንፃ ለመጨረስ በ2017 ዓ.ም. በተደረገው የቀጥታ ሥርጭት ሕዝቡ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር አዋጥቷል። ይህ ሕዝብ መስጠት ያውቃል። ችግሩ ለምን መስጠት እንዳለበት የተነገረው ግማሹ ብቻ መሆኑ ነው።

መቄዶንያን ያነሣሁት ለክብር ነው። ጎዳና ላይ የወደቀን አረጋዊ አንሥቶ የሚያጥብ ሰው ፊት ማንም የመከራከር ሞራል የለውም፤ እኔም የለኝም። መሪ ቃላቸውም ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን ብቻ በቂ ነው ይላል፤ የወደቀን ለማንሣት እውነት ነው። ሰው እንዳይወድቅ ለማድረግ ግን ከሰውነት በተጨማሪ ሕግ የሚያውቅ፣ ለዓመታት የማይሰለች፣ ደመወዝ የሚከፈለው ባለሙያ ያስፈልጋል። አንዱ ካለ ሌላው ይቅር የሚል የለም። አንዱን ብቻ በጎ አድራጎት ብለን ሌላውን «ፕሮጀክት» የምንል እኛ ነን።

ይህ ደግሞ ወደ ደመወዙ ጉዳይ ይወስደናል፤ በየቡና መጠጫው የሚነሣ ጉዳይ ነውና ልቆይበት። «እነዚህ ድርጅቶች ገንዘቡን በደመወዝና በአበል ይጨርሱታል፤ ለድሃው የሚደርሰው ስንት ነው?» ይባላል። ይህ አነጋገር ከቡና መጠጫ አልፎ ሕግ ሆኖ ነበር። ያው የ2001 አዋጅ ከወጪው ከ30 በመቶ የበለጠው ለአስተዳደር እንዳይውል ደነገገ፤ ማስፈጸሚያ መመሪያው ደግሞ ለሥልጠና፣ ለመስክ ክትትልና ለጉዞ የሚወጣውን ብዙ ወጪ «አስተዳደራዊ» ብሎ መደበው። አስቡት፤ ስንዴ ለሚያድል ድርጅት ስንዴው ሥራ ነው፣ አዳዩ ሠራተኛ ወጪ ነው። የሕግ ምክር ለሚሰጥ ድርጅት ግን ምክሩን የሚሰጠው ሰው ራሱ ነው ሥራው። የገጠር ሴቶችን ሰብስቦ መብታቸውን የሚያስረዳ ማኅበር አሠልጣኟን፣ የአውቶቡስ ትኬቷንና የአዳራሹን ኪራይ ሲቀንስ የሚቀረው ባዶ አዳራሽ ብቻ ነው። በኪሎ የማይመዘን ሥራ ሁሉ በዚህ ሚዛን «ብክነት» ይባላል። ሚዛኑ ሲዛባ ደግሞ ከምክንያቱ ጋር የሚታገለው ሁሉ ይቀልና ከምልክቱ ጋር የሚውለው ይከብዳል። አዲሱ አዋጅ የአስተዳደር ወጪን ጣሪያ 20 በመቶ አድርጎ ትርጉሙን ግን አጥብቦ ለሥራው የሚወጣውን ከዚያ አውጥቷል። ሕጉ ተስተካከለ፤ የእኛ ጭንቅላት ግን ገና 621 ላይ ነው።

ሌብነት የለም አልልም። አበል ብቻ የሚያሳድድ፣ ወርክሾፕ በሆቴል እየደገሰ ፎቶ ይዞ የሚመለስ ድርጅት አለ፤ በዚህ የተናደደ ሰው ንዴቱ ተገቢ ነው። ለምን እንዲህ እንደበዛ ግን እንመልከት። እንዲህ ያለው ድርጅት ተጠሪነቱ ሩቅ አገር ላለ ለጋሽ ነው፤ ለጋሹ የሚያየው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሪፖርት ነው። ሰፈሩ ውስጥ ያለው ሰው አንድ ብር አላዋጣምና አይጠይቅም፤ ቢጠይቅም ማን ነህ ይባላል። ማንኛውም ድርጅት በሕግ ዓመታዊ የሥራና የኦዲት ሪፖርት የማቅረብ ግዴታ አለበት። የዚያን ሪፖርት ግልባጭ ጠይቆ የሚያነብ አባል የሚገኘው መዋጮ ያወጣ አባል ሲኖር ነው። የሌብነቱ መድኃኒት በእጃችን ነበር፤ ገንዘባችንን አስገብተን ወንበራችንን መያዝ።

ሌላው ክርክር ደግሞ የማይታየው ውጤት ነው። የበላ ሰው ይታያል፤ ሳይራብ የቀረ ሰው አይታይም፤ አያመሰግንምም። እዚህ ላይ ከሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል የተሻለ ምስክር አላውቅም። ካትሪንና ሬጂናልድ ሐምሊን አገራችን የመጡት በ1951 ዓ.ም. ነው፤ ሆስፒታሉን በ1967 ዓ.ም. አቋቋሙ። ምጧ ቀናት የፈጀባት፣ የሚያዋልዳት ያላገኘች ሴት ልጇን ታጣለች፤ ሰውነቷ ተበስቶ ሽንቷን መቋጠር ይሳናታል፤ ባሏ ይሸሻል፤ ሰው ይርቃታል፤ ከገበያና ከቤተ ክርስቲያን ትቀራለች። ሆስፒታሉና በየክልሉ ያሉት ቅርንጫፎቹ ከ60 ሺህ በላይ እንዲህ ያሉ ሴቶችን አክመዋል። ለዚህ ሥራ የማያለቅስ ልብ የለም፤ የታከመችው ሴት አዲስ ቀሚስ ለብሳ ወደ ቀዬዋ ስትመለስ የሚታየው ፎቶ ድንጋይ ያቀልጣል።

ከሐኪሞቹ በላይ ግን ቀዶ ሕክምናው እንደማያልቅ የሚያውቅ አልነበረም። አንዷን ሲጠግኑ ሌላዋ በመንገድ ላይ ናት። ስለዚህ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ የአዋላጆች ኮሌጅ ከፈቱ። ከገጠር የመጡ ሴት ልጆችን ተቀብሎ በዲግሪ ያሠለጥናል፤ ተመርቀውም በመጡበት አካባቢ ጤና ጣቢያ ይመደባሉ። አዋላጇ በሰዓቱ «ይህ ምጥ አይሆንም፤ አምቡላንስ ጥሩ» ስላለች ጤነኛ ልጅ ታቅፋ ቤቷ የገባች እናት አዲስ ቀሚስ አይሰጣትም፤ ፎቶዋ በየትም አይወጣም። ድና ሳይሆን ሳትታመም ቀርታለችና የተደረገላት ነገር እንዳለ እንኳ ላታውቅ ትችላለች። ኮሌጁ ግን የተከፈተው ለእሷ ነው። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች እንደሚያሳዩት በ1992 ዓ.ም. በጤና ተቋም ይወልዱ የነበሩት ከ100 እናቶች አምስቱ ብቻ ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. ወደ 48 ደርሰዋል። ይህ የአንድ ድርጅት ድል ሳይሆን የመንግሥት ጤና ኤክስቴንሽንም፣ የመንገዱም፣ የብዙ እጆችም ድል ነው። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አዋላጅ ለማሠልጠን በአገር ውስጥ የተሰበሰበ ቴሌቶን ግን ትዝ አይለኝም።

«መንግሥት ይሥራው» ለሚለው ደግሞ መልሱ ከከምባታ ይመጣል። ቦጋለች ገብሬ በእስራኤልና በአሜሪካ ተምራ ወደ ትውልድ ቀዬዋ ስትመለስ ልትናገር የመጣችው ስለ ሴት ልጅ ግርዛትና ስለ ኤችአይቪ ነበር፤ ግርዛቱ በራሷም አካል ላይ ያለፈ ነው። የመንደሩ ሰው ግን መጀመሪያ ድልድይ አላት። ወንዙ ሲሞላ ልጆች ትምህርት ቤት አይደርሱም፤ ነጋዴው ገበያ አይደርስም። ድልድዩን አሠራች። ከዚያ በኋላ ነው ሰው የሰማት። ከእህቷ ጋር በ1990ዎቹ መባቻ ያቋቋመችው ከምባቲ መንቲ ጌዚማ ለዓመታት ሽማግሌውን፣ የሃይማኖት አባቱን፣ ወጣቱን፣ ገራዧን ሳይቀር አንድ ላይ እያስቀመጠ አነጋገረ።  ዩኒሴፍ ያስጠናው ጥናት በከምባታ ጠምባሮ ሴት ልጅ ሁሉ ይገረዝበት ከነበረው ሁኔታ ቁጥሩ ከ3 በመቶ በታች መውረዱን አሳየ። ቦጋለች ለዚህ ሥራዋ የቤልጂየሙን የንጉሥ ቦዱዋን ሽልማት ተቀበለች፤ ጥቅምት 2012 ላይ አረፈች።

የትኛው ሚኒስቴር ነው ድልድዩን ከግርዛቱ ጋር አያይዞ ማየት የሚችለው? ድልድይ የመንገድ ባለሥልጣን፣ ግርዛት የሴቶች ጉዳይ፣ ትምህርት የትምህርት ቢሮ ነው። የድሃ ሕይወት ግን በመሥሪያ ቤት አልተከፋፈለም። ይህን ማየት የሚችለው በቋንቋው የሚያናግር፣ ለቅሶ የሚደርስ፣ ሲሳሳት በገበያ መሐል የሚወቀስ የአካባቢ ማኅበር ነው። ለጠለፋው ሕግ ያወጣው መንግሥት ነው፤ እውነት ነው። ያወጣው ግን የሴት ሕግ ባለሙያዎቹ ማኅበር ለዓመታት ስለነዘነዘው ነው፤ ያንኑ ማኅበር ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሽባ ያደረገውም ያው መንግሥት ነው። ምክንያቱን የሚታገል ሥራ ሁሉ ለመንግሥት ይተው የሚል ሰው የቱን መንግሥት እንደሚል ይንገረኝ፤ የ1997ቱን ወይስ የ2001ን?

ከወዳጆቼ መካከል «ይህ ፖለቲካ ነው» ብለው የሚሸሹ አሉ። ባል በሚስቱ ላይ፣ ጠላፊ በልጅ ላይ፣ ወንድም በእህቱ የውርስ ድርሻ ላይ ያለውን ኃይል የሚነካ ሁሉ ፖለቲካ ከሆነ፣ አዎ ነው። አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያምን ለመሳለም ሄዳ በረሃብ የረገፈ ሕዝብ ስታገኝ የያዘችውን ዳቦና ጠበል አካፈለች፤ ወላጅ ያጡ ሕፃናትንም ይዛ ተመለሰች። «የአፍሪካዋ ማዘር ቴሬዛ» እያልን የምንጠራት በዚያ ዳቦ ነው። እሷ ግን ዳቦው ላይ አላቆመችም፤ ማኅበሯ ትምህርት ቤት ከፈተ፣ ሙያ አሠለጠነ፣ እናቶች ልጆቻቸውን ሳይጥሉ እንዲያሳድጉ ገቢ የሚያገኙበትን መንገድ ፈለገ። የምናከብራት እናት የሄደችበትን መንገድ ግማሹን ብቻ ነው የምናወሳው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ተጨባጭ ነው፤ የምጠይቀውም ሁላችንም አባል የሆንንበትን ተቋም ነው። ዕድር አለን። ዝርዝር አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ በወሩ ያልከፈለ ይቀጣል፤ ከዚህ የበለጠ የታመነ የገንዘብ አሰባሰብ በአገራችን የለም። 200 አባላት ያሉት ዕድር በወር አሥር አሥር ብር ቢጨምር በዓመት 24 ሺህ ብር ነው። በአንድ ወረዳ አሥር ዕድሮች ቢስማሙ 240 ሺህ። ለአንድ ወጣት የሕግ ባለሙያ የዓመት ደመወዝ የሚበቃ ገንዘብ ነው፤ ከባሏ ጋር የተጣላችው፣ ውርስ የተከለከለችው፣ ደመወዝ የተቀማችው የቤት ሠራተኛ ሁሉ በነፃ የምታማክረው ሰው በወረዳው ውስጥ ኖረ ማለት ነው። ውጭ ያላችሁ ወገኖችም ለየሰፈራችሁ ዕድር የምትልኩት አላችሁ፤ ዛሬ ሕጉ አይከለክላችሁም።

መዋጮው ለበዓል ሳይሆን በየወሩ ይሁን፤ ቢያንስ ለአምስት ዓመት ቃል ይገባ፤ የቤተሰብ ሕጉም፣ የከምባታውም ለውጥ በአንድ ፋሲካ አልመጡም። ይህን ለደመወዝ አውሉት፣ ያንን አታውሉት ብለን እጃቸውን አንሰር። በምትኩ ማኅበሩ በዓመት አንድ ቀን መጥቶ የኦዲት ሪፖርቱን በዕድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ፊት በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በአካባቢው ቋንቋ ያንብብ፤ ያልገባው ይጠይቅ። በሚቀጥለው ጉባኤ አጀንዳ ሲያዝ አንዳችሁ እጅ አውጡና ይህን አስመዝግቡ። «ዕድር ለሞት ነው» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ለሚያነሣው ሰው ኤችአይቪ ሰፈሩን ሲያራቁት የነበረበትን ዘመን አስታውሱት፤ ያኔ ብዙ ዕድሮች በየወሩ ድንኳን መትከሉ ሲያቅታቸው መተዳደሪያ ደንባቸውን አሻሽለው፣ የታመመውን በሕይወት ሳለ ማስታመምና ወላጅ ያጡትን ልጆች ማሳደግ ጀምረዋል። ደንቡ ያኔ ተሻሽሏል። የማሻሻያ አንቀጹ ዛሬም በየዕድሩ መዝገብ ውስጥ አለ።